የመብራት ነፊው የጋሽ እፍ የሕይወት ታሪክ

ጎረቤቱም ደንበኛውም «ጋሽ እፍ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ጫማ ሰፊ ከነበሩት አባታችንና በገበያ አትክልት ይሸጡ ከነበሩት እናታችን በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱትም በሰፈራችን ከነበረው የብርጭቆ መንፊያ ቤት ጀርባ ባለችው፣ አንዲት መስኮት ብቻ በነበራት ቤታችን ነው። ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ። ሲያበሽቁኝ ነው ያደጉት፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን አልሆነላቸውም። በ1953 ዓ.ም. በብርጭቆ መንፊያው ቤት ተቀጠሩ። እናታችን «ሥራው ደረቱን ይጨርሰዋል» ብለው አልቅሰው ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ የነፉትን የብርጭቆ መብራት አምጥተው ከራት ገበታችን በላይ ሰቀሉና አፋቸውን አስያዟቸው።

ሥራቸው እንዲህ ነበር፦ የቀለጠውን ብርጭቆ በረጅም የብረት ቧንቧ ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ቧንቧውን እያሽከረከሩ ይነፋሉ። ማሽከርከሩ ለአፍታ ከቆመ ብርጭቆው ወደ አንድ ጎን ይወርዳል። ከንፋቱ ብዛት ጉንጫቸው ላልቶ ሲስቁ እንኳ ይነፋ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የራሳቸውን ሥራ ቤት ሲከፍቱ አንድ የማይታጠፍ ሕግ አወጡ፤ ጠማማ መብራት ከበር አይወጣም። ማንም ይሥራው ማን፣ ይሰበርና ከሌላው ስብርባሪ ጋር ተመልሶ ይቀልጣል። የራሳቸውንም ሳይራሩ ይሰብሩ ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙት በዚሁ ሥራ ቤት ነው። ለሱቃቸው መብራት ያዘዙት ልብስ ሰፊ ወይዘሪት፣ ብርጭቆው ቀስ እያለ የሚበርድበት ምድጃ እስኪከፈት መጠበቅ አቃታቸውና «አሁኑኑ ካልተከፈተልኝ» ብለው ድርቅ አሉ። ተከፈተላቸው። መብራቱም ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ለሁለት ተሰነጠቀ። ሌላው እስኪሠራ ሲመላለሱ ነገሩ ወደ ትዳር ዞረ። በ1966 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ልጃቸው ከምድጃው አጠገብ አደገች። ለአካለ መጠን ስትደርስ የመጀመሪያ መብራቷን ነፋች። ትንሽ አዘንብሎ ነበር። አባቷ አዩትና ሰበሩት። ልጅቱም የቆዳ ሽርጧን አውልቃ ሚስማር ላይ ሰቀለችና ወጣች፤ ፋርማሲ ተቀጠረች። አባቷን ቤት እየመጣች ትጠይቃለች፣ የሥራ ቤቱን ደፍ ግን ለዓመታት አልረገጠችም። አልተጸጸቱም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው «ጠማማ ነበር» ብቻ አሉኝ። ሽርጧን ግን ከሚስማሩ አላወረዱትም፤ ሌላ ሰው ሊያወርደው ሲሞክርም ይቆጡ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ሳንባቸው ታመመና ሐኪሙ መንፋት ከለከላቸው። ምድጃው ሊጠፋ ነው ተባለ። ምድጃው ከጠፋ እሳቸውም እንደማይቆዩ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ሌላ ነፊ ስፈልግ፣ ልጃቸው ማንም ሳይጠራት መጣች፤ ሽርጧን አውርዳ ታጠቀች። አባቷም ወንበር አስጠግተው ቧንቧውን ያዙ። ከዚያ ወዲህ አባት ያሽከረክራሉ፣ ልጅ ትነፋለች። ወንድሜን እንደዚያ ደስ ብሏቸው ያየሁበት ጊዜ የለም።

ባለፈው ክረምት አንድ መብራት ሲሠሩ እጃቸው ደክሞ ቆመና ብርጭቆው ወደ ግራ ወረደ። ጥፋቱ የእሳቸው ነበር። ይሰብሩታል ብለን ስንጠብቅ «ይሄን አልጋዬ አጠገብ ስቀሉልኝ፤ እኔ ስሄድ ትሰብሩታላችሁ» አሉ። በሕመማቸው ወራት ሁሉ ያ መብራት ሲበራላቸው ቆይቶ፣ በተወለዱ በ78 ዓመታቸው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው ሆነው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። አሁን ከአስከሬናቸው ራስጌ የሚበራው ያው መብራት ነው። ለማስታወሻ ለእኔ ይቀመጥልኝ ብዬ ለምኜ ነበር። ልጃቸው ግን እንባዋን ጠርጋ «አክስቴ፣ ጠማማ ነው» አለችኝ።

ምድጃው እየነደደ ነው፤ ነገ ጠዋት መብራቱን ሰብራ ትጨምረዋለች።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ጨለማ በማይገባበት ቤቱ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ብርታቱን ይስጥልን።