ለሳንቃ የተላኩ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ

ጉድ ፈላ! ጊታሬ ድምፅ የለውም።

ከደብረ ዘይት ስመለስ ባቡር ላይ አንዲት ሴትዮ የሽንኩርት ጆንያ ጭናበት ፊቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጎረቤቴ ጋሽ ተሰማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ፉርጎ ሲጠግኑ የኖሩ አናጢ ናቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ አዲስ ፊት እናለብሰዋለን» ብለው ወሰዱት። ዛሬ መለሱልኝ። ሲያምር! የዝግባ ሳንቃ፣ ልስልስ ያለ። ክሩን መታሁት። ድው! እንደ በር።

ወፍራም ነዋ! «ከእንግዲህ ጆንያ ቀርቶ በሬ ቢቆምበት ፍንክች አይልም» አሉኝ በኩራት። ምን ልበል? «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ገባሁ።

እሑድ የፋብሪካችን የኪነት ቡድን ዝግጅት አለው። ብቻዬን የምጫወትበት ተራ ለመጀመሪያ ጊዜ ደርሶኛል። አለቃችን ደግሞ ጊታር ከሌለሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሎኛል።

ረቡዕ

ልነግራቸው በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የአባቴ እኩያ የሆነን ሰው፣ ያውም ለፍቶልኝ፣ ሥራዎ አልሆነም ልበለው? አፌን አይዘኝም?

አከራዬ እትዬ አስካለ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ከዚያ ኮስተር አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው። እኔና ባለቤቴ እንሄዳለን።»

ለሳንቃ ሽማግሌ!

ሐሙስ

ሄዱ። ባልየው ጋቢ ደርበው፣ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው። እኔ አጥሩ ሥር ተወሽቄ። ጋሽ ተሰማ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢሏቸው «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ።

«ልጄን ከዳርኩ ቆየሁ እኮ፣ ማንን ልትጠይቁኝ ነው?»

ነገሩ ተነገራቸው። ከዚያ ሳቃቸው! ባቡር ጣቢያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «ነይ ውጪ ከዚያ፣ አይቼሻለሁ! እኔ የማውቀው ፉርጎ ነው፤ በይ አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ። አለቀስኩ። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው የሰጠኝ!

ዓርብ

ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ እሳቸው ዘንድ። ፊቱን በሙቅ ውሃ አላቀው አንስተውታል። እሳቸው በመላጊያ ይልጋሉ፣ እኔ እያንኳኳሁ ጆሮዬን እደቅናለሁ።

«አሁንስ?» «ገና ጋሼ።» «አሁንስ?» «ገና።» «ኧረ ልጄ፣ ወረቀት ልናደርገው ነው!»

የማይሰበር ሲሠሩ ለኖሩ ሰው ስስ ነገር መሥራት ጭንቅ ነው። ድንገት ሳንኳኳው እንጨቱ ጥርት ብሎ ጮኸ። ሁለታችንም ሰማነው፤ መላጊያውን አስቀመጡት። በኮላ ለጥፈን በሞርሳ አሰርነው።

ክሩ ሲወጠር ቢሰነጠቅስ? አቦዬ አደራ።

ቅዳሜ

ኮላው እየደረቀ ነው። ጋሽ ተሰማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዶሮ እንኳ አያስጠጉም።

እሑድ

ያዘ! ተመስገን! ጠዋት ክሩን ስወጥር ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ እኔም ጨፈንኩ።

መድረክ ላይ ስወጣ እጄ በላብ ርሷል። ከፊት ሁለቱ ሽማግሌዎቼ፣ መሀላቸው ጋሽ ተሰማ ኮት ለብሰው። መታሁት። ድምፁ እስከ ኋላ በር ሄደ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱን ረሳሁት።

ስወርድ የቡድናችን ልጆች ከበቡኝ፤ አንዱ ሊያየው ጊታሩን ላፍ ሲያደርግ ጋሽ ተሰማ ሰዉን ጥሰው መጡ። «ቀስ! ስስ ነው እኮ!»

መንገዱን ሁሉ አቅፈውት መጡ። ለእኔ እንኳ አልሰጡኝም። ዕድሜ ይስጥልኝ።