ስለ ልጄ በአደባባይ መዳን የቀረበ ምስጋና

ላሊበላ፣ የካቲት ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ሙሉሃብት፣
የሕፃናት የቀን መዋያው የበላይ ተቆጣጣሪ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ክብርት ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ? ከነመኪናዎና ከነድምፅ ማጉያዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። በልማዴ ይህን ሰላምታ በፈጣሪ ስም ላቀርብልዎ ነበር፤ ነገር ግን የልጄ በሽታ መነሻ ይኸው ልማዴ መሆኑን በጉባኤ ፊት ስላስረዱኝ፣ እርስዎንም እንዳላሳምም ፈርቼ ትቼዋለሁ።

እኔ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እባላለሁ፤ እዚሁ ላሊበላ ዜማ አስተምራለሁ። ልጆቻቸውን ወደ መዋያው የሚያመጡ ወላጆች ሁሉ የምስጋና ጽሑፍ አዘጋጅተው በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እንዲለጥፉ ባዘዙት መሠረት የድርሻዬን ይዤ ቀርቤያለሁ። ረዘም ካለብዎ የተደረገልኝ ብዙ በመሆኑ ነውና ይታገሡኝ።

አንደኛ፤ በቅድሚያ ማመስገን የሚገባኝ ልጄን ለመዋያው ያበቃትን ምክንያት ነው። አምና በአንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ይማርሽ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረውን ልጃችንን ምስጋኑንና ትንሿን ወለተ ሐናን ይዛ ጨው ልትገዛ ገበያ ወጣች። ገበያው ተከበበ፤ ጎረምሶቹም ለብሔራዊ ውትድርና ተብሎ እየተለቀሙ በኡራል መኪና ተጫኑ። ወለተ ሐና የወንድሟን እጅ ይዛ ነበር። እጇን ከእጁ ያላቀቀው ጠባቂ፣ «አይዞሽ፣ ነገ ይመለሳል» ብሏታል፤ ስለዚህ ማጽናኛው ከልብ አመሰግናለሁ። ያ ነገ ግን ገና አልደረሰም።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ልጄ መናገር አቆመች። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች፤ በእንቅልፏ ታረጥባለች፤ ሰው እያያት እህል አትቀምስም። ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ወስጄ ጠበል አስጠመቅኋት፤ በብርዱ ተንቀጠቀጠች እንጂ ቃል አልወጣትም። በዚህ እምነቴ አልተናወጠም፤ እኔ ግን ተናወጥሁ። አገሩ፣ «ደብተራው የደገመው ድግምት ዞሮ በገዛ ልጁ ላይ ወደቀ» ማለት ጀምሮ ነበርና። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ከእኔ ትምህርት አወጡ። ከቅዳሴ በኋላ ሰላምታ ሳልቀበል በጓሮ በኩል ወደ ቤቴ የምገባ ሰው ሆንሁ።

ሁለተኛ፤ መዋያውን ስለ ከፈቱልን አመሰግናለሁ፤ ይህኛውን ያለ ምንም ተረብ ይቀበሉኝ። ከጤና ጣቢያው ጎን ባለችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነርሷ ሲስተር ጥሩነሽ በመጀመሪያው ቀን ወላጆችን ሰብስባ ምን መጠበቅ እንዳለብን ስትነግረን እኔ ከበሩ አጠገብ፣ ሰው እንዳያየኝ ጥምጣሜን ወደ ዓይኔ ዝቅ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። «ጠዋት ታመጧቸዋላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ትወስዷቸዋላችሁ» አለችን። «በመካከሉ ይጫወታሉ፣ ጭቃ ይሠራሉ፣ ሥዕል ይሥላሉ፤ የሚያወራ ካለ እንሰማዋለን፣ የማያወራውን አናስገድደውም። በሳምንት አንድ ቀን እናንተም መጥታችሁ ከእኛ ጋር ታወራላችሁ። ቶሎ ይድናሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ትንሽ ከተሻላቸው በኋላ ወደ ኋላ የሚመለሱበት ጊዜም አለ፤ ያኔ አትቆጧቸው። እዚህ ያየነውንና የሰማነውን ለማንም አንናገርም።»

ክቡር ሆይ፣ ይህ የመጨረሻው ቃል በዚያ ወቅት ለእኔ ምን ማለት እንደነበር ልገልጽልዎ አልችልም። ጥምጣሜን ከዓይኔ ላይ ከፍ አደረግሁ።

ሲስተር ያለችውም ሆነ። ልጄ በመጀመሪያ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ትውል ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ምንጣፉ ቀረበች፤ የጭቃ በሬዎች መሥራት ጀመረች፤ ከሰው ጋር በላች። በገና ሰሞን ደግሞ ከጎኗ ለሚቀመጠው ለወይዘሮ ኸዲጃ ልጅ፣ «ውኃውን አቀብለኝ» አለችው። ሲስተር ይህንን ልትነግረኝ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ መጣች። ይማርሽ ስትሰማ እጆቿን በአፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ሦስተኛ፤ በጥር ወር እንግዶች ይዘው ስለ ጎበኙን አመሰግናለሁ።

ላንድሮቨርዎ እስከ ቆርቆሮ ቤቷ በር ድረስ ወጣች። ሲስተር ጥሩነሽ ሮጣ፣ «እባክዎ መኪናዋ ታች ትቁም፤ ልጆቹ ይደነግጣሉ» ብትልዎ፣ «አብዮታዊ ልጆች አይደነግጡም» አሏት። ወላጆች በፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ እንድንቀመጥ ታዘዝን፤ አገር ምድሩም በግቢው ቆመ። ከዚያም ልጄን እጇን ይዘው አወጧትና በድምፅ ማጉያው፣ «ይህች የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ልጅ ናት! አባቷ ስለ አጋንንት እያወራ አእምሮዋን አወከው። ጠበሉ አላዳናትም፤ አብዮቱ አዳናት!» አሉ። ተጨበጨበ። ስለ ኡራሉ መኪና አንድም ነገር አልጠቀሱም፤ ጊዜ አጥሮዎት እንደሆነ እገምታለሁ።

«በይ እንግዲህ ወለተ ሐና፣ ድኛለሁ በይ» ብለው ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጉላት። ሾፌርዎ መኪናዋን ሊያዞር ሞተሩን ያስነሣው በዚያች ቅጽበት ነበር። ልጄ ዓይኖቿን ጨፈነች። ቀሚሷ ራሰ፤ ውኃው በእግሯ ወርዶ ወደ ጫማዎ መጣ። እርስዎም እግርዎን ሰብሰብ አድርገው፣ «አባቷ የት አለ?» ብለው ጠየቁ።

አባቷ ከፊትዎ ነበር። ቢዘረጉ እጅዎ ይደርስብኝ ነበር።

አልተነሣሁም። ዓይኔን ጉልበቴ ላይ ተክዬ መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ለመንሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ልጆች ድምፅ ማውጣት ያስተማርሁ ሰው «አለሁ» ማለት አቃተኝ። የተነሣችው ወይዘሮ ኸዲጃ ናት። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ልጄን ጠቀለለቻትና፣ «አብሽሪ የኔ እመቤት፣ አብሽሪ፤ ምንም አልሆነም» እያለች አቀፈቻት። ወደ እርስዎም ዞር ብላ፣ «ያ ረቢ! ልጅ እኮ ናት» አለች። ከዚያም ተሸክማት ገባች። መፈክር አሰሚው ነገሩን ለማለሳለስ እንደገና አስጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨበ።

እኔም አጨበጨብሁ።

ያን ዕለት ማታ ይማርሽ የውኃ ጣሳ ይዛ መጥታ፣ «እጅዎን ይታጠቡ» አለችኝ። እራት ሊቀርብ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አፈሰሰችልኝ፤ ታጠብሁ። እራት ግን አልቀረበም። ጣሳዋን አስቀምጣ ልጃችን ወደ ገባችበት አልጋ ሥር ወርዳ፣ ከጎኗ ተኛች።

ወለተ ሐና እንደገና ዝም አለች። ሲስተር ጥሩነሽ በእግሯ ቤታችን ድረስ መጣች። «ወደ ኋላ ይመለሳሉ ብያችሁ ነበር፤ በዚህ መንገድ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብሁም። ቃሌን አልጠበቅሁም፤ ይቅር በሉኝ» አለችን። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ግቢ ከነበርነው ሁሉ ይቅርታ የጠየቀች እርሷ ብቻ ናት። ሥራዋን ከእርስዎ ጋር ሆና መሥራቷ እንዴት እንደሚከብዳት ያኔ ገባኝ። ስትወጣም፣ «ነገ ሲያመጧት ትተዋት አይሂዱ፤ አብረዋት ይዋሉ» አለችኝ።

ስለዚህ እየዋልሁ ነው። ጥምጣሜን እንደ ጠመጠምሁ በምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ጭቃ እሠራለሁ። የሠራኋትን አህያ ልጆቹ ድመት ናት ብለው ሳቁብኝ፤ እውነታቸውን ነው። ተማሪዎቼ በመስኮት ያዩኛል፤ ይዩኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ዘወር ብላ አህያዬን ስትመለከት ቆየችና፣ «አባ፣ ጆሮዋን ረሱት» አለችኝ።

«ረሳሁት» አልኋት። «ያን ቀን ስላልተነሣሁልሽም ይቅር በይኝ።»

ከራሷ ጭቃ ቆንጥራ ለአህያዬ ጆሮ ሠራችላት።

እንግዲህ ወላጆች ከመዋያው ምን መጠበቅ እንዳለብን ከተማርን፣ መዋያውም ከእርስዎ ጥቂት ነገር እንዲጠብቅ ይፍቀዱለት። ሲመጡ መኪናዎን ከቁልቁለቱ በታች አቁመው በእግርዎ ይውጡ፤ መንገዱ አጭር ነው፣ አየሩም ለጤና ይስማማል። የልጆቹን ስም በማጉያ አይጥሩ። ለእንግዶችዎ የዳነ ሰው ማሳየት የግድ ከሆነብዎ ደግሞ እኔን ያቅርቡኝ፤ እኔ ከማጨብጨብ ድኛለሁ።

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ በሶ እየፈጨች ነው። «ምስጋና ለሚጽፍ ሰው ስንቅ ምን ያደርግለታል?» ብላት፣ «እርስዎ ብቻ ጽፈው ይጨርሱ» አለችኝ። ምናልባት ከተወሰድሁ ልጄን በጠዋት የምታደርሳት እርሷ ናትና፣ የመዋያው ጥበቃዎች እንዳይከለክሏት አስቀድሜ በትሕትና አሳስባለሁ።

ለሹመትዎ ዕድሜን፣ ለጫማዎም ንጽሕናን እየተመኘሁ፣

በተጠራሁበት ሰዓት ያልተነሣሁት፣ ዛሬ ግን በስሜ የቆምሁት፣
አክባሪዎ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል
የወለተ ሐናና የምስጋኑ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወረቀቱን ልለጥፍ ስነሣ ወለተ ሐና፣ «ምስጋኑ የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ከአምናው ገበያ ወዲህ ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። አላውቅም አልኋት፤ ጓድ ሙሉሃብት ግን ሳያውቁ አይቀሩም አልኋት። በሚቀጥለው ጉብኝትዎ ራሷ ትጠይቅዎታለች። ድምፅ ማጉያውን እንዳይረሱት።