የኋላው ወንበር

ጥር 14

ዛሬም አሮጊቷን መኪና አጠብኩ። አንዱ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፣ ሌላው ከውጭ... ግን ሊማሊሞን ወርዳ ትወጣለች፤ ምን ይባላል።

ከሰዓት የሾፌሮች ማኅበራችን ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበራችን ገዱ ደስ የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ጎንደር ያለ ሻጭ፣ ቅርጿ ተለውጦ የመጣችውን ትልቋን ባለ ስምንት ወንበር መኪና ለሙከራ ሊያውሰን ነው። "የሺዋስ ይንዳት። ጥሩ ናት ካለ እንገዛለን፤ ሾፌሯም እሱ ይሆናል" አለ። እኔ! ቤት የደረስኩት በእግሬ ይሁን በክንፍ አላውቅም።

ለእሌኒ ነገርኳት። "እንግዲህ ጣውንት መጣችብኝ" ብላ ሳቀች ሚስቴ። እናቷ እሜቴ ሸጊቱም ነበሩ። ብድግ አሉና "የገድ ያድርግልዎ" አሉኝ። ከሠርጋችን ጀምሮ አንቱ እንዳሉኝ ናቸው! ሁሌም አማች ነኝ፣ ልጅ አልሆንኩም። "እንደ ልጅ ይዩኝ በያቸው" ስላት እሌኒ "አከበረችህ እንጂ ምን አደረገችህ?" ትለኛለች። መከበሩስ ባልከፋ... ግን ይበርዳል።

ጥር 15

መጣች! አፍንጫዋ ሰፍቷል፣ መብራቷ ቀጥኗል። መሐሏ ላይ ቴሌቪዥን የሚያህል ስክሪን።

በቀጥታ ወደ ሊማሊሞ። ቁልቁለቱን ራሷ ይዛ ታወርዳለች፣ ፍሬን መርገጥ የለ! ሽቅብ ስትመለስም ጉልበቷ አይጣል ነው። አንድ ነገር ብቻ... ከመስመር ወጣህ ብላ ትጮኻለች። ላም መንገድ ዘግታ በየት ልለፍ? ለላሟ ንገሪያት!

ጥር 16

ከዘከሪያ ጋር ሳንቃ በር ድረስ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ነጋዴ ስለሆነ ዕቃ ሲያይ ዓይኑ አይምርም። በየጉድጓዱ ነዳሁለት። ውስጥ አቧራ የሚባል የለም። "ማሻአላህ" አለ። ከዚያ ዞር ብሎ የኋላውን አየና "ባዶ ወንበር ምን ይመሰክራል? ሰው ጫንበት" አለኝ።

እውነቱን ነው። እሑድ ዳባት የእሌኒ ዘመዶች ሠርግ አለ። ቤተሰቡን ሁሉ እጭናለሁ።

ጥር 18

ሠርጉ ሞቅ ያለ ነበር። እግሬ እስኪዝል እስክስታ መታሁ።

ስንሄድ ገዱ ጋቢና፣ እሌኒና እህቶቿ መሐል፣ እሜቴ ሸጊቱ ከሁለት ዘመዶቻቸው ጋር የመጨረሻው ረድፍ። ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ስንጨርስ ጠየቅኋቸው።

"እሜቴ፣ የኋላው ወንበር እንዴት ነው?"

"ተመስገን ነው፣ አልጋ በሉት።"

ዘመዶቻቸውም "አልጋ ነው፣ አልጋ!" እኔም ማታ እንዲህ ብዬ ልጽፍ ነበር፦ የኋላው ወንበር፣ በጣም ጥሩ።

ስንመለስ ግን መኪናዋ በር ላይ በተሳፋሪዎቼ መሐል ክርክር ተነሣ።

"ከኋላ ነፋስ የለውም፣ አንቺ ግቢ።"

"ኧረ በሞቴ! እርስዎ እያሉ?"

"እኔ ቆሜ ልሞት፣ ግቢ!"

ሁሉም የኋላውን ወንበር ለሌላው ይጋብዛል፣ የሚገባ ግን የለም። አልጋ ከሆነ ምን ያጋፋል? እሜቴ ሸጊቱ ደግሞ "ዕቃ አለብኝ፣ በሚኒባስ እመጣለሁ" ብለው ሄዱ። የያዙት ነጠላቸውን ብቻ ነው። ምን ዓይነት ዕቃ...?

ጥር 19

ከሰዓት እሜቴ ቤት ጎራ አልኩ። እሌኒ ጉልበታቸውን በቅቤ ታሻለች። ሲያዩኝ በቀሚሳቸው ሸፈኑት።

"ምን ሆኑ?"

"ምንም። ብርድ ነው።"

"ወንበሩ ነው?"

"ኧረ! ወንበሩማ አልጋ ነው።"

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። "እሜቴ፣ እኔ የእርስዎን ቃል ይዤ ግዙ ልላቸው ነው። ነገ የሰው እናት እዚያ ላይ ላስቀምጥ?"

የእሌኒን እጅ ከጉልበታቸው ላይ ገፋ አደረጉ። ከዚያ...

"አንተ የሺዋስ! ያ ወንበር ነው እንዴ? ጉልበቴን ከአገጬ አጋጥሞ ዳባት አደረሰኝ! እግር የሌለው ሰው ነው የሠራው? እንዲህ ያለ ነገር ገዝተህ ብታመጣ ዓይንህን አላይም!"

አንተ አሉኝ! እሳቸውም ሰሙት መሰለኝ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እሌኒ ቅቤውን እስክትደፋ ሳቀች። እኔ ግን አንገታቸውን አቅፌ ሳምኳቸው።

ጥር 21

ነገ ስብሰባ ነው። ጥሩ ናት ብል የእኔ ናት... ፍሬኗ፣ ጉልበቷ፣ ያ ሁሉ። የኋላውን ወንበር ዝም ብዬ ብዘለውስ? ገዱ እንደሆነ ጋቢና እንጂ ሌላ ቦታ አይቀመጥ።

አይ። እንዴት አድርጌ።

ጥር 22

ተናገርኩ። ሞተሩ ግሩም፣ ፍሬኑ ግሩም፣ አቧራ አታስገባም። አዲሱ ቅርጽ ግን የሻንጣውን ቦታ አስፍቶ የሰውን እግር አሳጠረ። ባለ ስምንት ወንበር ብለን ገዝተን አምስት ሰው ልንጭን ነው። ዘከሪያ "አላልኳችሁም?" አለ። ገዱ ፊቱን አጠቆረ፤ በኋላ ግን እሱም እጁን አወጣ። አንገዛም፤ ሌላ እንፈልግ።

መኪናዋን ጎንደር መልሼ፣ ከተመለስኩ በኋላ ገዱንም እሜቴንም በአሮጊቷ መኪና ወደ ቡይት ራስ ይዣቸው ወጣሁ፤ ለቅሶ ሊደርሱ ነው። ያዝን ነበር? ትንሽ። ያ ስክሪን ዓይኔ ላይ አለ።

እሜቴ ጋቢና ተቀመጡ። ገዱ እኩያዬ ነው፤ እሳቸው ግን ወደ ኋላ ዞረው "አንቱ፣ ተመቸዎት?" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ፦ "አንተ! ቀስ በል እንጂ፣ ላሟን አታያትም?"

አይቻታለሁ። ግን ቀስ አልኩ።