በርበሬያችን አላረገዘም

ለተከበሩ ኡስታዝ ጂብሪል፣ የሠፈራችን የጤና ፈቃድ ቢሮ ሙዲር
ካላክላ፣ ካርቱም

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ ሲት ኒዕማ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ባለፈው ወደ ቤታችን ብቅ ብለው ደጃፉ ላይ ሲያስነጥሱ ስላየሁዎ፣ ደረትዎ ከዚያ ወዲህ ሰላም መሆኑን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል።

እኔ ዘርፈሽ ነኝ፤ በርበሬና ሽሮ ነፍተን፣ አሽገን የምንሸጠው ሴቶች ሰብሳቢ፤ እርስዎ መሣሪያችን ላይ ቀይ ሰም አንጠባጥበው በማኅተም የዘጉብን። በአማርኛ የምጽፍልዎ፣ በጦርነቱ ጊዜ አዲስ አበባ ተቀምጠው ቋንቋችንን ከነንባቡ እንደለመዱ ራስዎ በኩራት ስለነገሩን ነው፤ የሠፈሩ አበሻም ይስማው ብዬ አንዱን ቅጂ በራችን ላይ ለጥፌዋለሁ። ትምህርቴ ገና በልጅነቴ ስለተቋረጠ የፊደል ግድፈት ካገኙብኝ ከሌላው ጥፋቴ ጋር ይደምሩልኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ያን ዕለት መሣሪያውን አይተው ምንነቱን ሲጠይቁ፣ ያመጣልንና የተከለልን ሚልዮን «ጉርባል ነው፣ ወንፊት» ብሎ በዓረብኛ መለሰልዎ። እርስዎ ግን ከወንፊቱ ጋር በሽቦ የተያያዘችውን ሳጥን በጣትዎ እየነኩ «ይህችስ?» አሉ። እኔ ቀባጣሪዋ፣ እንግዳ ላስደስት ብዬ በአማርኛ «እሷማ አልትራሳውንድ ናት» አልኩ። ይህን ጊዜ ፊትዎ ተለወጠ። አዲስ አበባ ሳሉ ሲት ኒዕማን አልትራሳውንድ ለመታየት ወስደዋቸው፣ ሐኪሙ ሆዳቸውን ቅባት ቀብቶ እንዳያቸው አስታወሱና ወረቀትዎን አወጡ። «ያለ ሐኪም፣ በርበሬ በተበተነበት ክፍል፣ የእርጉዝ ምርመራ ይካሄዳል» ብለው ጻፉ። ማኅተሙ እንዲነሳም የማህፀን ሐኪም፣ አልጋና መጋረጃ እንድናቀርብ አዘዙን። እንግዲህ አቤቱታዬ እነሆ።

፩. ሐኪሙን በተመለከተ። በርበሬው ወደ ወንፊቱ የሚገባው ደርቆ፣ ተቀንጥሶ፣ ተፈጭቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወንድ ይሁን ሴት ብሎ የጠየቀን ደንበኛ እስካሁን የለም፤ ከመጣ ግን ወደ ቢሮዎ እንመራዋለን። እኔም ብሆን ስሙን መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ሚልዮንን «ማን አርግዛብን ነው?» ብዬ በሴቶቹ ፊት አሥቄበታለሁ። እሱ ግን አስረዳኝ። በርበሬ ቅባት ስላለው የወንፊቱን ዓይን ይደፍነዋል፤ ይህች ሳጥን ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ሽቦውን ታንዘፈዝፈዋለች፤ የተደፈነው ዓይን ይከፈትና ክዳኑ እንደተዘጋ ዱቄቱ ይወርዳል። ሆድ የሚያየውም በዚሁ በማይሰማው ድምፅ ነው የሚሠራው አሉ፤ ስም መጋራት ግን ሥራ መጋራት አይደለም፤ እንዲያማ ቢሆን በካላክላ ያለው ጂብሪል ሁሉ ሙዲር በሆነ ነበር። መሳሳት ለሁላችንም ተሰጥቶናል፤ ማኅተም የተሰጠው ግን ለእርስዎ ብቻ ነው።

፪. ጩኸቱን በተመለከተ። በወረቀትዎ ጀርባ «በድምፅ ጎረቤት ይረብሻል» የሚል ጨምረዋል። ግድግዳ የምንጋራቸው ሲት ሉጥፊያ መጥተው «ወላሂ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም» ብለው ሲመሰክሩልን፣ «እንግዲያው ጆሮዎን ጎድቶታል ማለት ነው» ብለው መዘገቡ። ለዚህ ብልሃትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሰማሁ ያለም አልሰማሁም ያለም እኩል የሚያስፈርድበት ችሎት ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ አላውቅም።

፫. ይኼኛውን ያለ ቀልድ ነው የምጽፍልዎ። ሬሕማ የምትባል እህት አለችን፤ ከወሎ መጥታ እዚሁ ካርቱም፣ አርካዊት ሠፈር፣ ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች፣ አስም ያለባት። መሣሪያውን የፈለግነው ለእሷ ደረትም ብለን ነበር። እርስዎ ካሸጉት ወዲህ ወደ ድሮው ክፍት ወንፊት ተመለስን፤ ዓይኑ በተደፈነ ቁጥር ጠርዙን በዱላ እንደበድባለን፣ ብናኙም ቤቱን ይሞላዋል። ውጪ ማሸግ ላይ ብናስቀምጣት ብናኙ በበር ተከትሏት ወጣ። ማክሰኞ ከንፈሯ ጠቁሮ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ መናገር አቅቷት ደረቷን በእጇ ብቻ ታሳየን ነበር። በራክሻ፣ በባጃጅ፣ አሳፍረን በቢሮዎ ሥር ወዳለው ጤና ጣቢያ አበረርናት። ሐኪም የለም። ከጦርነቱ ወዲህ አልተመለሰም አሉን። አንዲት ነርስ ናት በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥታ ነፍሷን የመለሰችልን። ክቡርነትዎ፣ ለበርበሬያችን የማህፀን ሐኪም አዘዙልን፤ ለሰው በተሠራው ጤና ጣቢያ ግን አንድ ሐኪም አላስቀመጡም። የሚሉት ሐኪም ከተገኘ እባክዎ ወደ እኛ አይላኩት፣ እዚያ ያስቀምጡት።

ይህን ስል ውለታዎን ዘንግቼ አይደለም። ጦርነቱን ከሸሸንበት ወደ ሠፈራችን ስንመለስ ውሃ የምናገኘው በአህያ ጋሪ ነበር፣ ዛሬም በአህያ ጋሪ ነው፤ መብራቱንም ከፀሐይ እንለቅማለን። ከመንግሥት አገልግሎት ሁሉ ቀድሞ ሠፈራችን የደረሰው የእርስዎ ሰም ነውና ስለ ትጋትዎ እግዜር ይስጥልኝ።

ስለዚህ በትሕትና የማሳውቅዎ፣ ሐኪም አንቀጥርም፣ አልጋ አናስገባም፣ መጋረጃም አንሰቅልም። ቢሮዎ ተመላልሰን «ቡክራ፣ ነገ ኑ» ከመባል በቀር ያገኘነው መልስ የለም። ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በሩን ወለል አድርገን ከፍተን፣ ጎረቤት እያየን፣ ሰሙን እናነሳዋለን። ሊያስሩ ከመጡ ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይፈልጉ። ሊያዩ ከመጡ ግን ጆሮዎን ወንፊቱ ላይ ይደግፉና የሰሙትን ይጻፉ።

የሹመትዎን ዘመን ከእኛ ትዕግሥት ያስረዝምልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣

ለእርስዎ ሁልጊዜም አክባሪ፣ ለማኅተምዎ ግን ከእንግዲህ የማልታዘዝ፣

ዘርፈሽ ዓለምነህ
ከበርበሬ ነፊዎቹ ቤት፣ ካላክላ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለሬሕማ ሳነብላት አንድ ነገር አስለወጠችኝ፤ ሰሙን የማነሳው እኔ ነበርኩ፣ አሁን እሷ ናት። ቅዳሜ ሲመጡ እጇ ሲንቀጠቀጥ ቢያዩ ፈርታ እንዳይመስልዎ፤ የምትስበው መድኃኒት ነው እጅ የሚያንቀጠቅጠው።