የቀልዱ ተራ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

እንዴት እንደምጽፈው እንጃ። ሥራ ቦታ ሳቅ ሲጀመር እፈራለሁ። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። ሰው ስለሳቀ ፈራሁ ይባላል?

የቡና መጋዘናችን ኃላፊ ጋሽ ደረጀ ቀልድ ያውቃሉ። ጥሩውን ፍሬ ከመጥፎው የምንለቅመው ሴቶች ሁሉ ይወዷቸዋል። ጫልቱ “እሳቸው ባይኖሩ ይሄን ወገቤን ይዤ ቤቴ እተኛ ነበር” ትላለች። እውነቷን ነው። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሲመጣ፣ የተሰጣውን ቡና ለማንሳት ማንም ሳይጠራን ነው የሮጥነው። ጋሽ ደረጀ ጆንያ ራሳቸው ላይ ደፍተው “ሙሽራዋ እኔ ነኝ፣ እልል በሉ!” እያሉ ከፊት ይሮጡ ነበር። ያን ቀን እኔም ከልቤ ሳቅሁ።

ለሁላችን ስም አውጥተውልናል። እኔ ስለማልናገር “ሬዲዮ” ነኝ። በጠሩኝ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ዛሬ ተራው የእትዬ ዘይነባ ሆነ። እሳቸውና እኔ ፊት ለፊት ተቀምጠን አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የምንለቅመው። ጋሽ ደረጀ መጥተው እትዬ ከለቀሙት ላይ ዘገን አደረጉና ጥቁር ፍሬ አገኙበት።

“ዘይነባ፣ ከነገ ጀምሮ መሪ ይዘሽ ነይ!” አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ በጠረጴዛዎቹ መሃል እየዳበሱ ሄዱ። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ።

እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡ። ወጡ።

ማንም የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ። ዓይናቸው ደክሟል። ከመስከረም ወዲህ ያመለጣቸውን ጥቁር ፍሬ ቀስ ብዬ ወደ እኔ እየሳብኩ እለቅምላቸዋለሁ። ስለሱ ተነጋግረን አናውቅም። ዛሬ ጋሽ ደረጀ ሲመጡ ደንግጬ ጥቁሩን ሳልለቅም ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

እትዬ ዘይነባ አልመጡም። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቴ ባዶ ወንበር።

ጋሽ ደረጀ ጠዋት ስለ አንድ የጎሬ ሚኒባስ ሹፌር አወሩ። በሬ አሳፍሮ በሬውን ሂሳብ ጠየቀው አሉ። ሴቶቹ ሳቁ፣ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። ጫልቱ ጎንበስ ብላ “ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው? እኔ እንጃ፣ ይሄን ቀሚስ ባልለበስኩት” አለችኝ። የምፈራው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት ጋሽ ደረጀ ወደ እኔ መጡ።

“ሬዲዮ፣ ዜና የለም? ጓደኛሽ የት ገባች?”

ሁሉም ዞረው አዩኝ። “እንጃ ጋሼ” አልኩ፤ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

“ባትሪዋ አልቋል!” አሉ። ተሳቀ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብለው “ዓርብ ካልገባች ቦታዋን ለሌላ እሰጣለሁ” አሉኝ።

ይሄኛው ቀልድ ነው? ፊታቸው እንደሆነ አይለወጥም። ክረምት ላይ አንዷን ልጅ “አንቺማ ባል አግቢና ዕረፊ” ሲሏት ሁላችንም ስቀናል። በማግስቱ እውነትም ተሰናብታ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ውሃ ልቀዳ ስሄድ ያሰብኩት፦

ዓይናቸው ደክሟል ብል፣ ያሰናብቷቸዋል።

አመማቸው ብል፣ ውሸት ነው። ሲመለሱም ዓይናቸው ያው ነው።

ዝም ብል፣ ዓርብ ቦታቸው ይሄዳል። ዝም ማለት ደግሞ የምችለው ሥራ ነው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ዛሬ መጋዘኑ ጸጥ አለ። “ምን ሆናችኋል? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?” አሉ ጋሽ ደረጀ። ማንም አልመለሰላቸውም። መውጫ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ቡናው ውጭ ነው። ሴቶቹ ግን ነጠላቸውን ያዙ። አንዷ “ሰዓታችን ደርሷል” አለችና ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጋሽ ደረጀ ሸራውን ብቻቸውን ሲጎትቱ አሳዘኑኝ። አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው። ሸፍነን ስንጨርስ “ተባረኪ ሰናይት” አሉኝ። በስሜ! ያን ጊዜ ስለ እትዬ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ዝናቡ ወረደና ሮጥን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፣ መጋዘኑ ዝግ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነበር። እግሬ ወደ እትዬ ዘይነባ ቤት ወሰደኝ። ስንዴ ሲያበጥሩ ደረስኩ። ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ቀና ብለው አዩኝና “ማነው?” አሉ።

ሁለት እርምጃ ነበር መሃላችን። ዓይናቸው ያን ያህል መድከሙን አላውቅም ነበር።

“ሰናይት ነኝ እትዬ።”

“ላከሽ? መሪ ሁኛት ብሎ ነው?”

“ጋሼ አያውቁም እኮ እትዬ። ዝም ብለው ነው የቀለዱት።”

“ሳያውቅ እንዲህ የወጋኝ ቢያውቅማ ምን ሊል ነው!”

እሳቸው ሰፌዱን አነሡት። “አንቺ ግን ታውቂያለሽ። እጅሽ ሲመጣ ይታየኝ ነበር። እሱ እንኳ አልጠፋኝም” አሉ።

አለቀስኩ። አላዩም መሰለኝ። እያወሩኝ ያበጥራሉ፤ ፊታቸው ወደ እኔ ነው፣ ሰፌዱን አያዩትም፣ ገለባው ግን እየተለየ ይወጣል።

“እትዬ፣ እኛ ጋ ማበጠር ላይ ሰው ይጎድላል” አልኩ።

“ማን ይጠይቅልኛል? ሄጄ ደግሞ ይሳቅብኝ?”

“እኔ እጠይቃለሁ። ማሎ እትዬ፣ ማሎ።” በኦሮምኛ ስለማመጥ ድምፄ ትንሽ ይበረታል።

ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። “እንግዲያ ዓይኔን ንገሪው። ሰው ፊት ግን አይደለም። ከቀለደበት ያን በር አልረግጥም።”

ነገ ዓርብ ነው። ጋሽ ደረጀ መጋዘኑን ራሳቸው ይከፍታሉ፤ ያን ጊዜ ብቻቸውን ናቸው። ቀድሜ እደርሳለሁ። “ሬዲዮ” ይሉኝ ይሆናል። ቀልዳቸውን እስኪጨርሱ እቆማለሁ፣ አልስቅም። ከዚያ፣ “ጋሼ፣ የእትዬ ዘይነባ ዓይን ደክሟል፤ ማበጠር ላይ ያድርጓቸው፤ ሄደውም ይቅርታ ይጠይቋቸው” እላለሁ።

ይቅርታውን እትዬ አላሉኝም። የጨመርኩት እኔ ነኝ። እኔንም ከሥራ ያስወጡኝ ይሆናል። ልተወው ብዬ ነበር። አልተወውም።