በኛ ቀን የሚቆጥረው ላፕቶፕ

መጋቢት 2

ዛሬም ጉም። በጎቹ ከበረት አልወጡም፤ በጉም ቀበሮ ይደፍራል። የበልጉ ገብስ አረንጓዴ ማለት ጀምሯል። ለባና፣ ለብርድ ልብሱ የሚሆን ሱፍ ልፈትል ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ተቀመጥኩ። እጄ አንድ ሥራ አይዝልኝም።

ከሰዓት የአርሴማን ላፕቶፕ ከሣጥን አወጣሁ። የኔታ አትናቴዎስ ጾመ ድጓ ሲያዜሙ የቀዳችው አለ። ያችን ቦታ ጠበቅኩ።

«የኔታ፣ ይቺን ይድገሙልኝ።»

ልጄ ናት። ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ድምፅዋ ያስታውቃል፤ ሳሏም ይሰማል። መለስኩት። ደግሞ መለስኩት። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ… ትናንትም ያደረግኩት ይኸንኑ ነው። ነገም ይኸው ነው።

መጋቢት 5

ከአቦ ስመለስ የኔታ ጋ ጎራ አልኩ። የዜማ መምህር ናቸው፤ ጉሮሯቸው እየተዘጋ ሄዷል። አርሴማ ደብረ ብርሃን ተምራ በመጣችበት ክረምት «ሳይጠፋ ልቅዳው» ብላ ደጃቸው ስትውል ከረመች። ከዚያ ኩላሊት አሉን… ግንቦት መድኃኔዓለም ሙት ዓመቷ ነው።

«ለነፍሷ ላፕቶፑን ለተማሪ ቤቱ ልስጥ?» አልኳቸው።

«ድግሱን ሰው በልቶ ይረሳዋል። ይኸ ግን ያስተምራል» አሉና ሳላቸው ተነሣ። ቆሜ ጠበቅኳቸው።

ማታ ለባሌ፣ ለአባቷ ነገርኩት። «እኔ በቁሜ ከዚህ ቤት አይወጣም!» ብሎ በሩን ወርውሮት ሄደ። እሱ አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ ድምፅዋን አልሰማም። «አልሰማም» ብሏል። ታዲያ ሣጥን ውስጥ መቀመጡ ለማን ነው?

መጋቢት 12

ሳሌም መጣች። ዩኒቨርሲቲ ከአርሴማ ጋር አንድ ክፍል የኖረች ናት፤ አሁን እዚሁ ራቤል ሁለተኛ ደረጃ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ለተማሪ ቤቱ ከመሄዱ በፊት እይልኝ ብያት ነው። ስትከፍተው ስክሪኑ ጠቆረና ያ ሁሌ የማየው ጽሑፍ መጣ።

«እማማ፣ ይኸ ጽሑፍ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁልጊዜ አለ። ምን ይላል?»

ሳቀች። «ሕጋዊ አይደለሁም ይላል።»

«ማን?»

«ሲስተሙ። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው። ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ ቁልፉ ተሰብሮ የተጫነ ነው። አይጨነቁ፣ ያገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። የኛም ትምህርት ቤት።»

«የተሰረቀ ነው በይኛ።»

 የአርሴማ አባት ለካ ከበሩ ሆኖ ይሰማል። «የሰው ምልክት ያለበት በግ ለተዝካር ይታረዳል?» አለ።

 የኛ በጎች የግራ ጆሯቸው ጫፍ ተሰንጥቋል፤ ሁሉም ሰው የየራሱን ምልክት ይቆርጣል። የሌላ ሰው ምልክት ያለው ከመንጋችን ቢገባ ባለቤቱ ይጠራል እንጂ ቢላ አይነካውም።

«እንግዲያው ተይው። ይቀመጥ» አለኝ። ሰበብ በማግኘቱ ደስ ያለው መሰለኝ። ግን እውነቱን ነው። ለነፍሷ የሰው ነገር አልሰጥም። ምን ይሻላል?

መጋቢት 14

ሳሌም ተመልሳ መጣች። ስታስብበት አድራለች።

«የማይሰረቅ አለ» አለች። «ሠሪዎቹ ራሳቸው ውሰዱ ያሉት። ማንም ከፍቶ ውስጡን ያየዋል፣ እንደሚፈልገው ይለውጠዋል፣ ቀድቶ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። ከልካይ የለውም።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን እሱን አልያዘም?»

«ስለማያውቀው። ደግሞም ዓይነቱ ብዙ ነው። አብዛኞቹ የተዘጋ ነገር ጣል ያደርጉበታል፤ ለዋይፋይ፣ ለምናምን። የተዘጋውን ማንም ከፍቶ አያየውም። አንድም የተዘጋ ነገር የሌለባቸው ጥቂት ናቸው።»

«ከጥቂቶቹ አንዱን አምጪልኝ።»

«ዋይፋዩ ላይሠራ ይችላል፣ እማማ።»

«ራቤል ዋይፋይ የት አለና ነው?»

ሁለታችንም ሳቅን። መሳቄን ሳውቀው ተከፋሁ።

ከዚያ ሌላውን ነገር ነገረችኝ። አዲሱ ሲጫን አሮጌው ከነውስጡ ይጠፋል። «አርሴማም?» አልኳት። «ድምፅዋን አስቀድመን እናወጣዋለን» አለች። እኔማ አውጥቻለሁ አልኩና ከማተቤ ጋር ያሰርኩትን ፍላሽ ፈታሁ። ከቀብሯ በኋላ ፎቶ ቤት ያስቀዳሁት ነው። ሰካችው። ስሞቹ ሁሉ በረድፍ አሉ። አንዱን ከፈተች፣ ምንም የለም። ሌላውን… ምንም።

«ቫይረስ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ስሙን ብቻ ነው የቀዳው። ውስጡ የለም።»

ዓመት ሊሞላው ነው ከደረቴ ሳላወልቀው። ስታጠብ እንኳ በጨርቅ ጠቅልዬ። ባዶ ነበር።

መጋቢት 15

እንዳትነኪው አልኳት። አባቷ ልክ ነው። ይቀመጥ።

መጋቢት 23

ጊዮርጊስ። የኔታ ሲመሩ ድምፃቸው መሐል ላይ ተቆረጠ። ተማሪዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። የኔታ በእጃቸው ቅጠሉ አሉ፤ የሚያውቀው የለም። አንዱ በመሰለው ሊሄድ ሞከረ። በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ፣ አይደለም ማለታቸው ነው።

ያን ቦታ እኔ አውቀዋለሁ። አርሴማ «ይድገሙልኝ» ከምትልበት ቀጥሎ ያለው ነው። ዜማ የማላውቅ ሴት፣ ከመስማት ብዛት በቃሌ ይዤዋለሁ። እቤቴ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሳሌም ጋ ሄድኩ። «አምጪው» አልኳት።

ሚያዝያ 4

ፋሲካ። ሰው እንኳን አደረሳችሁ እያለ ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ሳሌም ለበዓሉ ደብረ ብርሃን ወርዳለች፤ አዲሱን ሲስተም ከዩኒቨርሲቲው ኢንተርኔት አውርጄ እመጣለሁ ብላለች። ዛሬ ላፕቶፑን አልከፈትኩም። ብከፍተውና ቢበላሽስ?

ሚያዝያ 9

ሳሌም በፍላሽ ይዛው መጣች። ልትጭነው ነው ስል፣ መጀመሪያ ማኅተሙን ልይ አለች። ሠሪዎቹ ማኅተም ያደርጉበታል፤ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ነካክቶት እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። እሷም ፈተና ልታሳትም ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክታዋለችና ፈርታለች።

ስህተት መጣ። ደገመችው። ስህተት። ፊቷ ተለወጠና ነቀለችው።

«ብትጭኚው ምን ይሆናል?»

«ምንም ላይሆን ይችላል። ግን በአርሴማ ዕቃ አልሞክርም።»

ይቺ ልጅ እንዲህ ስትል ወደድኳት። ግን ግንቦት እየደረሰ ነው። እንደገና ደብረ ብርሃን ልትሄድ ነው፣ ያን ሁሉ አቧራና ቁልቁለት።

አባቷ «ምነው፣ ባለ ማኅተሙ አልሆነም?» አለ። 

ሚያዝያ 18

ሳሌም ሌላ አውርዳ መጣች። አዲስ ፍላሽ፣ ማንም ጋ ያልተሰካ። አሁንም ስህተት!

ልታለቅስ ደረሰች። «መመሪያውም ይኸው ነው የሚለው፣ የሠራሁትም ይኸንኑ ነው…»

«እስኪ የሚለውን ሁሉ አንብቢልኝ፣ ልጄ። እስከ መጨረሻው።»

የመጀመሪያ ቀን ስህተት የሚለውን እንዳየች ነበር የዘጋችው። አሁን ቀስ እያለች ተረጎመችልኝ። «ይኸ የማኅተም ቁልፍ የተሠራው… ወደፊት ነው ይላል። ገና በሚመጣ ዓመት።» ከስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየች። «እማማ፣ ይኸ ኮምፒውተር ሁለት ሺህ ሰባት ላይ ነው ያለው!»

«አዎ። ሁለት ሺህ ሰባት አይደል?»

«በኛ ነዋ!»

ለእኔ ብላ ነው አርሴማ በኛ ያደረገችው። የፈረንጅ ቀን ምን ይሠራልኛል ብያት። በየጥቅምቱ መጨረሻ እየሳቀች ታቃናው ነበር፤ ኮምፒውተሩ ጥቅምትን እንደ ፈረንጅ ሁለተኛ ወር ቆጥሮ ሠላሳ አያደርሰውም። ከሞተች ወዲህ የሚያቃናው የለም፣ ቀኑ ተዛንፏል። ሠሪዎቹ ማኅተማቸውን የቀረጹት በፈረንጅ ቆጠራ፣ ከኛ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድመው። የኛ ላፕቶፕ ደግሞ ገና ያልተወለደ ማኅተም አላምንም ይላል።

ሳሌም ራሷን ይዛ ሳቀች። «ሁለት ጊዜ ደብረ ብርሃን! አንቺ አርሴማ፣ እንዲህ ታደርጊኝ!» በሕይወት እንዳለ ሰው ነበር የተናገረቻት።

ቀኑን ስትለውጠው እጇን ያዝኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። በዚያች ጥግ ላይ ያለው ቀን ልጄ በእጇ ያስቀመጠችው ነው… ለቀቅኳት። ማኅተሙ ደህና ነው አለ። የመጀመሪያውም ፍላሽ ደህና ነበር።

ሚያዝያ 25

ዛሬ ሳይጫን ከፍላሹ ብቻ አስነሣችው። አሮጌውን ሳይነካ መሞከር ይቻላል ለካ። እንግዳ ገብቶ ቤቱን እንደሚያይ ዓይነት። ድምፁ ይሠራል፣ ፊደላችን ይነበባል። ዋይፋዩ እንዳለችው አይሠራም።

የአርሴማ ቅጂዎች ሁሉ አሉ። አሮጌው ቫይረስ እዚህ ጉልበት የለውም አለች። በሁለት ፍላሽና በእሷ ስልክ ቀዳችው። ከዚያ እያንዳንዱን እየከፈትን ሰማን። ስሙን ሳይሆን ድምፁን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። መብራት ሄዶ መብራት መጣ፣ እኛ ከቦታችን አልተነሣንም።

አንዱን ፍላሽ ከማተቤ ላስር ብዬ ተውኩት። ለሳሌም ሰጠኋት፣ ሌላ ቤት ይደር። ሌላውን ከሣጥኑ አኖርኩት።

ግንቦት 8

ዛሬ መጫኑ ነው፤ ባትሪውም ሞልቶ፣ ኮረንቲውም ተሰክቶ። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ አሮጌውም አዲሱም አይኖረንም ብላለች። ላፕቶፑ እየጠየቀ ሄደ፤ ቋንቋ፣ አገር። በመጨረሻ ቆመ።

«ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ይላል። እርስዎ ይጫኑት፣ እማማ።»

 ወጣሁ። ለበጎቹ ውኃ አቀረብኩ፣ ያልቆሸሸ ደጅ ጠረግኩ። ሌላ የምሠራው ሳጣ ተመለስኩ። አባቷ በሩ ላይ ቆሟል።

«መጀመሪያ ይስሙት፣ አባባ» አለችውና ከስልኳ ከፈተችለት።

«የኔታ፣ ይቺን ይድገሙልኝ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ጉንፋን ይዟት ነበር» አለ።

«አዎ።»

 ሳሌም ወደ ግድግዳው ዞራለች። ከዚያ «በይ እንግዲህ፣ የትምወርቅ» አለኝ።

ተጫንኩት።

ሲጭን ሦስታችንም እንደ ወላድ ቤት ሰው ጠበቅን። ጨርሶ ሲነሣ ያ ጥቁር ጽሑፍ የለም። ጥጉ ላይ ደግሞ… የፈረንጁ ቀን አለ፣ ከሥሩ የኛ። ግንቦት 8 ይላል! ውስጡ ክፍት ስለሆነ አንድ ያገራችን ሰው የኛን ቆጠራ ጽፎ ጨምሮበታል፤ ሳሌም ፈልጋ አምጥታው ኖሯል።

«ጥቅምት ሠላሳንም ያውቃል» አለችኝ።

አሁን አለቀስኩ።

ግንቦት 27

መድኃኔዓለም። ዓመቷ ወጣ። ላፕቶፑን ተሸክሞ ለየኔታ የሰጠው አባቷ ነው። «ምልክት የለበትም» አላቸው። የኔታ ነገሩን ስለማያውቁ «ምን ምልክት?» አሉ። «የሰው» አለ።

ቤት ገብቼ ሣጥኑን ብድግ ባደርገው ቀለለኝ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኔ 12

ሚካኤል። ዝናቡ ሊጀምር ነው። ሰሞኑን ለባናው ሱፍ ፈትዬ ጨርሻለሁ፤ መቼ እንደጨረስኩት አላወቅኩም።

ከቅዳሴ በኋላ ተማሪ ቤቱ ደጅ ቆምኩ። ላፕቶፑን በሶላሩ ኮረንቲ ያስነሡታል። ከሌላ ቦታ፣ ከቀየት የመጡ አንድ መሪጌታ «ለኛም ልጆች ይቀዳልን» ብለው ለምነዋል። የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «ይፈቀዳል ወይ?»

«ዜማው የርስዎ ነው፣ የኔታ። ሌላው ደግሞ ሲጀመርም ለመስጠት የተሠራ ነው። ይቅዱ።»

ትናንሾቹ ከላፕቶፑ ፊት ተደርድረው ይከተላሉ። ያ የተቆረጠው ቦታ ደረሰ። አለፉት፣ ሳይሳሳቱ። ግን ከዚያ በፊት፣ ዜማውን ሳይለቁ፣ ሁሉም በአንድ አፍ፦

«የኔታ፣ ይቺን ይድገሙልኝ!»

የትምህርቱ አካል መስሏቸዋል። ሳሏን እንኳ፣ ያቺን የጉንፋን ሳል፣ አንዱ ትንሽ ልጅ በቦታዋ ሳላት።

የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሳቁ። በዚያች በቀረችው ድምፃቸው «ይቺ ልጅ አርፋም አላሳረፈችኝ» አሉ። «ይኸው አሁንም ድገሙ ትለኛለች። አሁን ደግሞ ቀየት ሄዳ ልታስቸግር ነው።»

እኔም ሳቅሁ። አልተከፋሁም።

አንድ ጊዜ ሰማሁ። መልሱልኝ አላልኩም። ደመናው ከወደ ገደሉ እየወጣ ነበር፤ በጎቹን ላስገባ ተነሣሁ።