ትልቅ ሰው አስጠብቅ

ፊንስበሪ ፓርክ፣ ኅዳር 1988 ዓ.ም.

ልጄ ኪዳኔ፣ እመቤቴ የምትረግጠውን መሬት ትባርክልህ፤ ከላይም ከታችም ትጠብቅህ። እኛ ደህና ነን። ሂተሩ ተሠርቶልን ቤቱ ሞቋል። እህትህ እሌኒ ሥራ አፕላይ አድርጋ መልስ እየጠበቀች ነው። ጠባይዋ ያው ነው፤ ዛሬም ስጠራት “ቆዪ እማዬ” ሳትል አትመጣም።

ባለፈው በስልክ እየሳቅህ ያወራኸኝ ነገር ግን ውስጤን እየበላው ነው። እዚያ ካናዳ ጫካ ውስጥ ግንዱን ከሄሊኮፕተሩ ገመድ ጋር አስረህ ገና ዞር ሳትል፣ ፓይለቱ በሬድዮ “ላንሳ ወይ?” አሉህ። አንተም ሽማግሌ ማስጠበቅ ነውር መስሎህ፣ እዚያው እንደቆምክ “እሺ” አልካቸው። ግንዱ ተወዛውዞ ሄልሜትህን ጨርፎ አለፈ። ይሄ ምኑ ያስቃል?

“ትልቅ ሰው አታስጠብቅ” ብዬ ያሳደግኩህ እንግዳ ቤት ሲመጣ ነው እንጂ ከተንጠለጠለ ግንድ ሥር እንድትቆምልኝ አይደለም። ሰውየው ከዚያ ከፍታ ላይ ሆነው በቅጠሉ መሃል አያዩህም። የሚያምኑት ቃልህን ብቻ ነው። መጀመሪያ ራቅ በል፣ ቀና ብለህ እይ፣ ከዚያ እሺ በል። ቢቆጡም ይቆጡ። እሌኒ ብትሆን እዚያ ያለችው፣ እንዲህ አልሰጋም ነበር።

በሰላም ያዋለህ አምላክ በሰላም ያስገባህ። አንድ ነገር ልለምንህ፣ ከእኔ ጀምረህ ተለማመድ። እሁድ ስደውልልህ “ቆዪ እማዬ” በለኝ።

እቆያለሁ።

እናትህ አልታየሽ